የሙሽራው ግራ ትከሻ

«ይሄን ኮት የሰፋው ሰው አንድ ዓይና ነው እንዴ?» አለች የሙሽራዋ አክስት፤ ሳቅ ተከተለ። ልብስ ሰፊው ይህን የሰማው ደረጃው ላይ ሆኖ ነው። በአንድ እጁ የደረጃውን ብረት ይዟል፤ በሌላው መርፌና ክሩን፣ ጠመኔውንና ትንሹን መቀስ የያዘች የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሏል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የሚስቁት ሰዎች አልታዩትም፤ ድምፃቸው ግን አንድ ቃል ሳይጎድል መጣለት። «ትከሻህ እኮ ጆሮህን ሊያናግረው ነው» አለች አክስቲቱ ቀጥላ። «እስቲ ዙር። ውይ! በግራ በኩል ጆንያ የተሸከምክ ነው የምትመስለው።» አንድ የወጣት ድምፅ «እኔ ምን ላድርግ፣ የሰጡኝን ነው የለበስኩት» ብሎ መለሰላት። ልብስ ሰፊው ስለ የትኛው ኮት እንደሚወራ አላወቀም። በሠርግ ቀን ሚዜው ብዙ ነው፣ ኮቱም ብዙ ነው፣ መጥፎ ሰፊም በከተማው ሞልቷል። ለማያውቀው ሰፊ ከልቡ አዘነለት፤ እንዲያውም በሐዘኑ ውስጥ ትንሽ ፈገግታ ነበረበት። የሙያ ሰው ነውና፣ የሌላው ጉድለት ሲወራ ጨርሶ አይከፋውም።

ጠዋት ከቤት ሲወጣ እንዲህ ደስ ብሎት አልነበረም። ቤታቸውና ሱቃቸው አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና ካውያው፣ ከመጋረጃው ወዲያ የእሱና የታላቅ እህቱ አልጋዎችና አንድ የብረት ሳጥን። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ክፍሉ ግን አንድ ክንድ ጨምሮ አያውቅም። እህቱ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው በእጇ ነው። በመኪና ቶሎ የሚያልቀውን እሷ በመርፌ ጥልፍልፍ አድርጋ ታሳምረዋለች፤ የሚያመሰግናት ግን የለም፤ ሰው የቁልፍ ቀዳዳን ልብ የሚለው ሲበላሽ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ለጓደኛው ሠርግ በስጦታ የሰፋውን የሙሉ ልብስ ቀዳዳዎችም የሠራችው እሷ ናት። ሥራውን ስትጀምርም ስትጨርስም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እህትና ወንድም የሚጣሉት በዝምታ ስለሆነ፣ እሱም ዝምታዋን ሰምቶ ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት ግን ሻይ እየቀዳችለት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «የጥሪ ካርድህ የታለ?» አለችው።

«እትዬ ደግሞ! ለጓደኛ ካርድ ይሰጣል እንዴ? ካርድ ለእንግዳ ነው።»

«እሺ» አለች። እሷ «እሺ» ስትል ከማንም ስድብ ይበልጥ ይከብዳል። ብርጭቆውን አስቀምጣለት ወደ መርፌዋ ተመለሰች፤ ሊወጣ ሲል ግን ተነስታ ኮሌታው ላይ የተጣበቀች ክር ለቅማ፣ ትከሻውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት። «እንግዲህ ደህና ዋል» አለችው። የቀረውን ሳትናገር ዋጠችው። ውጭ፣ ከሱቁ አጠገብ ዳቦ የምትሸጠው ጎረቤት ቀና ብላ አይታው «ወይ ጉድ! ዛሬ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» ስትለው «የሙሽራው ሰው ነኝ» ብሎ መለሰላትና ስቆ አለፈ። አውቶቡስ አልተሳፈረም፤ በግፊያ ኮቱ እንዳይጨማደድ በእግሩ ሄደ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ በመንገዱ ሁሉ የእህቱ «እሺ» ተከትላው ሄደች።

ለእህቱ ያልነገራት፣ በልቡ የያዘው መልስ ነበረው። ካርድ ባይደርሰውም ቃል ደርሶታል። «ጠዋት መጥተህ የምታለብሰኝ አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው እንዲነካኝ አልፈልግም» ብሎታል ሙሽራው በገዛ አፉ። ሙሽራው በሰፈር ስሙ ቀለሜ ነው። ልጅ ሆነው ከደብተሩ ቀና የማይል ስለነበር የወጣለት ስም ነው፤ ዛሬ ባንክ ውስጥ የራሱ ቢሮ አለው፣ በዚህ ስም የሚጠራውም ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። ቀለሜ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት አጥር ላይ ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር፣ አባቱን ፈርቶ ደበቀ፤ አጥንቱም ያለ ሐኪም እንደ ፈለገው ገጠመ። ሲወድቅ ያየው፣ ከዚያም ደብተሩን ተሸክሞ ያመላለሰው አንድ ልጅ ነበር፤ ያ ልጅ አድጎ ልብስ ሰፊ ሆነ። ከመጀመሪያው ኮቱ ጀምሮ የቀለሜን ትከሻ ያቀናው እሱ ነው። በቀኝ በኩል እንደ ማንኛውም ኮት ስስ የትከሻ ስፖንጅ ይገባል፤ በግራ በኩል ግን ጥጥ በጥጥ ላይ ይነባበራል፤ ወደ አንገት ሲሄድ እየሳሳ፣ ወደ ክንድ ሲወርድ እየወፈረ። ሥራው ሲያልቅ ኮቱን የለበሰው ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የት እንደ ተሞላ የሰፋው ካልነገረህ በቀር አታገኘውም። ቀለሜ የሚለካው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ መጋረጃው ይሳባል፣ እህትየዋ እንኳ ደጅ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ሌላ ሰፊ ሜትር ዘርግቶበት አያውቅም። ለሠርጉ ደግሞ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ራሱ ገዛ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ የምትታይ ቀጭን መስመር ያለችበት፤ ሻጩ ዋጋውን ሲነግረው «ለራስህ ነው?» ብሎ የተገረመበት ጨርቅ። «ስጦታዬ ነው» አለው ለቀለሜ። ቀለሜም አቀፈው። ልብሱን ከሠርጉ ብዙ ቀደም ብሎ ወሰደው፤ «ቤት ልልመደው» ብሎ።

ልብስ ሰፊው በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ሰፊ ሳሎን ነው፤ አዲሶቹ ሶፋዎች ላስቲካቸው አልተገፈፈም፣ ሚዜዎቹ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል። ፎቶ አንሺው መስኮቱ አጠገብ መብራቱን እያቆመ ነው። አክስቲቱ፣ ወርቅ የሚሰቀልበት ቦታ ሁሉ የተሰቀለባት ሴትዮ፣ ሳሎኑ መሐል ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ ከፊቷ የሙሽራው የአጎት ልጅ መስታወት ፊት ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ያየው የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ነው። ሰው የእህቱን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ እንደሚለየው ለያቸው። ከዚያ ጨርቁን አየ፤ ከዚያ ትከሻውን። ለዘመመ አካል የተሠራው ትከሻ ባልዘመመ አካል ላይ ወጥቶ፣ እንደ መደርደሪያ ቆሟል። ኮሌታው ወደ አንድ ጎን ተስቧል፤ ግራ እጅጌው ከቀኙ አጥሮ ይታያል። በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ለአንዱ ብቻ ልክ የሆነው ልብስ፣ ለቀሩት ሁሉ መሳቂያ ነው።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለችው አክስቲቱ።

«ሰፊው እኮ ነው!» አለ የአጎቱ ልጅ፣ የሚያሾፍበት ሰው በማግኘቱ ተደስቶ።

«እሰይ! በእግሩ መጣልን። ና፣ ና፣ የእጅህን ሥራ እየው። ይሄ ልጅ ምን አድርጎህ ነው?»

«ሙሽራው የት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው። የሙሽራው የአጎት ልጅ በአገጩ ወደ መኝታ ቤቱ ጠቆመው።

ቀለሜ ቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆሞ ክራቫቱን እያጠበቀ ነበር። የለበሰው ሌላ ሙሉ ልብስ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከውስጥ ኪሱ በላይ ወርቃማ ማርክ የተለጠፈበት። ሁለቱ ትከሻዎቹ በውኃ ልክ የተለኩ ይመስላሉ።

«መጣህ? ጎሽ» አለው በመስታወቱ ውስጥ እያየው። «እንዳትቀየመኝ በሞቴ። የአማቶቼ ነገር ነው። አማቴ ከውጭ አስመጣልኝ፣ እንዴት እምቢ ልበል? ያንተን ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ከማስቀምጠው ልጁ ይልበሰው አልኩ። ያው ሠርጉ ላይ ዋለ ማለት አይደል?»

«የልጁ ትከሻ ቀጥ ያለ ነው።»

«ቀስ በል!» ቀለሜ ወደ በሩ ዞረ። ሠርገኛው ሁሉ ደጃፉ ላይ ጆሮውን የደቀነ መሰለው። ልብስ ሰፊው ከልማድ የተነሳ እጁን አንስቶ ግራ ትከሻው ላይ አሳረፈና በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጥሩ ሥራ ነው። ወደ አንገት ይሳሳል፣ ወደ ክንድ ይወፍራል፤ ማለቅ ባለበት ቦታ ያልቃል። ውጭ አገር ያለ ሰፊ፣ አይቶት የማያውቀውን ትከሻ እንዴት እንዲህ አድርጎ ሠራው? ጥያቄው አፉ ላይ ሳይደርስ ቀለሜ ትከሻውን ከእጁ አወጣ። «እስቲ ውጣና ለልጁ አስተካክልለት» አለው። «ላንተ ምን አላት፣ ያን ነገር ከውስጥ ማውጣት ነው። ደግሞ ሰው ፊት... ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ይህን ጊዜ ጥሎት መውጣት ነበረበት የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ገመና ተሸክሞ የኖረ ሰው ሸክሙን በድንገት መጣል አይችልበትም። እጁ ከልቡ በፊት ይታዘዛል። ይህን ደግነት ነው ብለው የሚያሞግሱ አሉ፤ አብዛኞቹ ሸክሙ የራሳቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ልብስ ሰፊውም ወጣ፤ ኮቱን ከልጁ ተቀበለ፤ መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠና ኮቱን ገልብጦ ጭኑ ላይ ዘረጋው። አንዱ ሚዜ ጠርሙስ እየከፈተ ስለ አዳራሹ ኪራይ ያወራል፤ ሌላው ጫማው ጠቦት ተረከዙን ያሻል። ማንም ለልብስ ሰፊው «ተጫወት» አላለውም፤ ውኃ ትጠጣለህ ያለውም የለም። ሠራተኛ መጥቶ ቧንቧ ሲጠግን ቤተኛ የሚያወራውን እያወሩ ነው።

ገበሩን በብብቱ በኩል ሊፈታ መቀሱን ሲያስጠጋ እጁ ቆመ። ስፌቱ የእሱ አይደለም። እሱ ገበሩን የዘጋው በጥቃቅን የእጅ ስፌት፣ የጨርቁ ዓይነት ሰማያዊ በሆነ ክር ነው፤ ይህ ግን ረጃጅምና ጥድፊያ የሞላበት ነው፣ ክሩም ጥቁር ነው። ፈታው። በውስጥ ያነባበረው ጥጥ በየደረጃው ወጥቶ ተመልሶ ገብቷል። እያንዳንዱን በስፌት ይዞት የነበረው ልቅቅ ብሏል፤ ጥጡን በደገፈበት ጨርቅ ላይ ዙሪያውን የተሰመረ የሮዝ ጠመኔ አለ። የሱ ጠመኔ ነጭ ነው። ልብስ ሰፊ ይህን ለማንበብ ትምህርት አያስፈልገውም። ኮቱ ተፈትቷል፣ እያንዳንዱ የጥጥ ደረጃ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ተለክቷል፣ ተቀድቷል፣ ከዚያም የተፈታው በማንም እጅ ግጥም ተደርጎ ለልጁ ተወርውሯል። ከውጭ የመጣ ልብስ የለም። ከተማው መሐል ካሉት፣ በራቸው ላይ ዘበኛ ከሚያቆሙት ቡቲኮች በአንዱ የተሰፋ ነው፤ የዚያ ሱቅ ማርክ ለአማቶች ዓይን የሚሆን ሆኖ ተገኝቷል። ቀለሜ ግን እንግዳ ሰፊ ፊት ሸሚዙን አውልቆ መቆም አይችልም። ስለዚህ በትከሻው ምትክ ኮቱን ላከ። «ልልመደው» ማለት ይህ ነበር። ያ ሁሉ ሥራ፣ የእህትየዋ ዓይን የደከመበት ቀዳዳ ጭምር፣ ስጦታ ሳይሆን ናሙና ነበር።

«ምንድነው እሱ? ጥጥ ነው?» አክስቲቱ ራሱ ላይ ቆማለች። ሳትጠይቅ እጇን ሰዳ ጥጡን መዘዘችና ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ያዘችው። «ጉድ በሉ! በአንድ በኩል ብቻ! ፍራሽ ልትሠራ ነበር እንዴ አንተ ሰውዬ?» ሚዜዎቹ ሶፋው ላይ ተንኮሻኮሹ። ፎቶ አንሺው እንኳ ሳቀ። «አይ፣ የምሬን ነው፤ ምክንያት ይኖርሃላ። ለምንድነው በግራ በኩል ብቻ የሞላኸው?»

መልሱ አጭር ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር። ቢናገራት እዚያው ስሙ ይነጻል፣ መሳቂያው ሌላ ሰው ይሆናል። ባይናገራት፣ ይህች ሴትዮ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛው ትዞራለች፣ ነገ ደግሞ በየሰው ቤት ሻይ ትጠጣለች፤ የእጁ ነገር በዚያው ያበቃል። ልብስ ሰፊ ከስሙ በቀር ሌላ ምን አለው? ቀና ሲል ቀለሜ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስህተት ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«የማን ስህተት?»

«የኔ።»

«ማመኑስ ደግ ነው፤ እግዜር ይስጠው» አለች አክስቲቱ። «ግን ከእንግዲህ የሠርግ ልብስ ባትነካ ጥሩ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ትራስ ምናምን ስፋ። ሱቅህ የት ነው? ለሰው ልንገር፣ እንዳይሳሳቱ።» የአጎቱ ልጅ ቀደመና «ዳቦ መሸጫዋ ጎን፣ አረንጓዴ በር ያለው ነው» ብሎ ነገራት። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ የተጠየቀውን መመለሱ ነው።

ቀለሜ እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ልብስ ሰፊው ይቅር ይለው ነበር። ዝምታን ያውቀዋል፤ በዝምታ ውስጥ ኖሯል፤ ለፈራ ሰው ቦታ መስጠት ይችላል። ቀለሜ ግን መዳኑን ሲያውቅ ደሙ ወደ ፊቱ ተመለሰ፣ ከደሙ ጋር ጨዋታውም መጣ። «ይተዉት የኔ እናት» አለ እየሳቀ፣ ወደ ሳሎኑ ብቅ ብሎ። «የልጅነት ሰፈሬ ልጅ ነው፣ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው ያሰፋሁት። ጨርቁንም የገዛሁለት እኔ ነኝ። እጁን ያፍታታበት ብዬ እንጂ፣ ልለብሰው መስሎዎት ነው?» ቤቱ በሳቅ ሞላ። አክስቲቱ የቀለሜን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ «ሩኅሩኅነትህ እኮ ነው ለልጃችን ያስመረጠህ» አለችው።

ሰው የሚከዳው ጠላቱን አይደለም፤ ጠላቱ አምኖ የሰጠው ነገር የለማ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ መርፌውን አሳለፈ። ጨርቁን የገዛበት ቀን ሻጩ «ለራስህ ነው?» ሲለው የተሰማው ኩራት ትዝ አለውና አፈረ፤ ያፈረው በራሱ ኩራት ነው፣ ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነበር። ውሸቱን ለማጋለጥ አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ግን ስለ ጨርቁ ቢናገር ስለ ጥጡ ይጠየቃል፤ ስለ ጥጡ ቢናገር ደግሞ ያ ከአጥር ላይ የወደቀው ልጅ እዚህ ሳሎን ውስጥ፣ ሚዜና አክስት መሐል፣ እንደገና ይወድቃል። ቀለሜ ይህን ያውቃል። ያን ያህል የደፈረውም ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ የጓደኛውን ታማኝነት ለክቶ፣ የማይሰበርበትን ቦታ አውቆ ነው የቆመበት። ልብስ ሰፊው ገበሩን ዘጋ፣ ክሩን በመቀስ ቆረጠ፣ ኮቱን ለልጁ አቀበለው። ልጁ ለበሰው። ትከሻዎቹ እኩል ሆኑ።

«አየህ? ሲፈልግ ይችላል!» አለች አክስቲቱ።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ወደ ቦርሳው ሲመልስ ፎቶ አንሺው እጁን አጨበጨበ። «በሉ እንግዲህ መኪኖቹ ሳይመጡ! ጋሼ ሙሽራው፣ ኮትዎን ያውልቁልኝ። በሸሚዝ ሆነው እዚህ መብራቱ ፊት ይቁሙ፣ ሚዜዎቹ ሲያለብሱዎት ነው የማነሳው። ሁሉም ሙሽራ የሚነሳው ነው።»

«ለብሼ የለ?» አለ ቀለሜ።

«ለፎቶው እኮ ነው! አውልቀው መልሰው መልበስ ነው።»

«እሱ ይቅር።»

«ምን ማለት ነው ይቅር?» አክስቲቱ ጣልቃ ገባች። «ልጃችን አጥብቃ ነው የጠየቀችው። የታላቅ እህቷ ባል ተነስቶ የለ? አልበሙ መጀመሪያ ላይ የሚገባው እሱ ነው። አውልቅ፣ አውልቅ፣ አታስቸግረን።» ሚዜዎቹ ከሶፋው ተነሱ፤ አንዱ ማፏጨት ጀመረ። ቀለሜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መብራቱ ነጭና ኃይለኛ ነው፤ ሸሚዙ ደግሞ ስስ። ዓይኑ ሳሎኑን ዞሮ ዞሮ ልብስ ሰፊው ላይ አረፈ። ሁለቱም የሚፈለገውን ያውቁታል። ልብስ ሰፊው በግራ በኩል ከኋላው ይቆማል፤ ኮቱ ጨርሶ ሳይወርድ መልሶ ከፍ ተደርጎ ይነሳል፤ በክንዱና በጨርቁ መሐል ትከሻው ይጋረዳል፣ የሚያየው የለም። ቀለሜ የተመረቀ ጊዜ እንዲህ አድርገውታል፤ ቢሮ የተሰጠው ቀንም ለፎቶ ሲነሳ እንዲህ አድርገውታል። ልብስ ሰፊው ዛሬ ጠዋት በእግሩ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለዚሁ ነበር።

«እሱ ያልብሰኝ» አለ ቀለሜ።

«ማን?»

«እሱ። ጓደኛዬ... ወንድሜ ማለት ነው።»

«የቱ? ፍራሽ ሰፊው?» አለች አክስቲቱ። በዚህ ጊዜ ከእሷ በቀር የሳቀ የለም፤ የሙሽራው ድምፅ የሚያስቅ አልነበረም። «ሚዜዎችህ ተኮልኩለው ቆመው ሰፊው ነው እንዴ ፎቶ የሚነሳው? ምን ዓይነት ጉድ ነው?»

«ና እንጂ» አለው ቀለሜ። «ወንድምዓለም፣ ና እንጂ።»

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። እሱ ጎንበስ ብሎ ከምንጣፉ ላይ ጥጡን ለቅሞ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ዚፑን ዘጋ። የቀለሜን ገመና አልተናገረም፣ ወደፊትም እንደማይናገር ያውቃል፤ ያን ለማንም ብሎ ሳይሆን ለራሱ ብሎ ነው። ለመጋረድ ግን እጁ አልነሳ አለው። እስከ ዛሬ ሳይጠይቀው የሚታዘዝለት እጅ፣ የቦርሳውን ማንጠልጠያ ጨብጦ ቀረ።

«የሰፉልህ ያልብሱህ» አለ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። የሳሎኑን በር እንደነበረ ገርበብ አድርጎ ትቶት ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ከበላዩ አክስቲቱ «ትዕቢተኛ! ተወው ይሂድ። በሉ እናንተ፣ ያዙለት» አለች፤ የእግር ኮቴና የልብስ መንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ቀለሜ «ቆይ፣ ቆይ» አለ፤ ሰዎች ሳቁ፣ ሳቁም መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ» አለች አክስቲቱ።

ልብስ ሰፊው ቆመ።

«ቀጥ በል እንጂ! ምን ሆነሃል? በግራ በኩል ከፍ በል!» ድምጿ አሁን የተቆጣ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ግን አልጮኸችም። ዝቅ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ቀጥ... በል እንጂ የኔ ልጅ» አለች። ፎቶ አንሺው ጉሮሮውን ጠረገ።

ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ደስ አላለውም። አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ በሩ ቀና ብሎ አየ። እግሩ ግን ወደ ታች ነበር የዞረው፤ የቀሩትን ደረጃዎች ወርዶ የግቢውን በር ከፈተና ወደ መንገዱ ወጣ።